ቆጋ ላይ የዳርኋቸው ፈረንጆች

እኔ የፍቅር ፊልም የምወደው ሰዎቹ ነካ ያደረጋቸው ሲሆኑ ነው። ቦምብ የለ፣ መኪና አይገለበጥ፣ የሀብታም ልጅ ከድሃ ልጅ ጋር ሲያወራ ተይዞ አባት ሽጉጥ አያወጣ። በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ፣ ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች የማያሳዩዋቸው ፊልሞች ናቸው። በአንዱ ላይ ሴትየዋ የተሰበረ ጃንጥላ ከመንገድ እየለቀመች ትጠግናለች። በሌላው ሰውየው ነጠላ ጓንት ይሰበስብና ባለቤቱን ሲፈልግ ይውላል። በሁሉም ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይገናኛሉ፣ ዝም ይላሉ፣ እሱ ስለ ቀንድ አውጣ አንድ የማይረባ ነገር ያወራል፣ እሷ ትስቃለች፣ ክራር የሚመስል ነገር ከኋላ ይንቆረቆራል። አንድ ሰዓት ከግማሽ እንዲህ ይሄድና፣ “በቃ አሁን ሊነግራት ነው” ብዬ ትራሱን ሳቅፍ፣ ጥቁር። የሠራተኞቹ ስም ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል።

ስንት ጊዜ ላፕቶፑን በነጠላ ጫማ ልመታው እንደቃጣኝ እኔ ነኝ የማውቅ። በማግስቱ ግን ሌላ እንዲጭኑልኝ ፍላሼን ይዤ ፊልም መሸጫው በር ላይ ነበርሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ሳላገባ ሃያ ስምንት ዓመት ሞላኝ፤ ጥፋቱም የእነዚህ ፊልሞች ነው። ባል በአክስት በኩል እንደሚመጣ አጥቼው አይደለም፤ እኔ ግን እንደዚያ እንዲሆንልኝ አልፈለግሁም። አንድ ሰሞን ሁለት የተለያየ ካልሲ አድርጌ ሥራ ገባሁ። በፊልሙ ላይ ሰውየው ካልሲዋን አይቶ ነው የወደዳት። የኔን ካልሲ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ የመድኃኒት ቤቱ ዘበኛ።

“ልጄ፣ ጠዋት ሰፈራችሁ መብራት አልነበረም እንዴ?” አሉኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ መጽሐፍ ገልብጬ ያዝሁ። ይህንንም ከፊልም ነው የተማርሁት፤ አንድ እንግዳ ወንድ መጥቶ “ገልብጠሽዋል” ይላል፣ እሷም “አውቃለሁ፣ መጨረሻውን ቀድሜ እንዳላይ ነው” ትላለች። መልሱን አጥንቼ ተዘጋጅቻለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በእርግጥ ሰው መጣ። ትንሽ ራቅ ብለው የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ የነበሩ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አባት ናቸው። መዶሻቸውን እንደያዙ አጠገቤ ቆሙ።

“ልጄ፣ መጽሐፉን ዘቅዝቀሽዋል። መነጽርሽን ረስተሽ ከሆነ የእኔን ላውስሽ?”

ያጠናሁት መልስ ከአፌ ጠፋ። “እግዜር ይስጥልኝ አባቴ” ብዬ መጽሐፉን አቃናሁ። እሳቸውም እፎይ ብለው ወደ ሚስማራቸው ተመለሱ።

ባሌን ያመጣችልኝ በመጨረሻ አክስቴ ናት፤ ሳሎኗ ውስጥ፣ ምሳ ላይ። ካልሲዬን አላየም። ሁለት ጊዜ ውሃ ጠየቀ፣ ከዚያ ስለ ድንች በሽታ ግማሽ ሰዓት አወራ። መራዊ አጠገብ፣ ቆጋ ግድብ የመስኖ ባለሙያ ነው፤ ውሃው ለየትኛው ገበሬ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ የሚያስተባብር። ስለ ድንቹ ሲያወራ እጁን እንደ ቅጠል ያጥፍ ነበር፣ በሽታው ቅጠሉን እንዴት እንደሚያጠወልገው ለማሳየት። ያን እጁን አይቼ ወደድሁት። ለአክስቴ ግን “ልየው” ብቻ አልኋት፤ በአንድ ምሳ እጅ ሰጠች እንዳልባል።

ተጋባን። እሑድ ከሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ ፊልም የምናይበት ሰዓት ሆነ። እሱ በአዘቦት ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በመራዊ መኪና የሚሄድ፣ ቀኑን ሙሉ ቦይ ለቦይ የሚዞር ሰው ነው። ፊልሙ ሲጀመር ጥያቄ ያበዛል።

“ይህች ሴት ጃንጥላ በነጻ እየጠገነች የምትበላው ከየት ነው?”

“ዝም ብለህ እይ።”

“ቤቷ ደግሞ ባለ ፎቅ ነው።”

“እይ አልሁህ።”

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንገቱ ይሰበራል። ይተኛል። የሚነቃው የመጨረሻው ዘፈን ሲጀምር ነው። ያን ዕለት፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ዓይኑን እያሸ ቀና አለና ጠየቀኝ።

“ተጋቡ?”

አልተጋቡም። ጃንጥላ ጠጋኟ ባቡር ላይ ወጣች፣ ሰውየው ጣቢያው ላይ ቆሞ ቀረ፣ ጥቁር። ይህን ለባሌ ልነግረው አፌን ከፈትሁና አፈርሁ። ሙሉ ሳምንቱን “ቆይ ታያለህ፣ እንዲህ ያለ ፊልም አይተህ አታውቅም” እያልሁ ነበር የሰነበትሁ። አሁን “አላለቀም” ልለው ነው?

“ተጋቡ” አልሁ።

“የት?”

“እዚያው ጣቢያው ላይ።”

“ባቡር ጣቢያ ላይ ሰው ይጋባል?”

“ቄሱ ከባቡሩ ወረዱ።”

ትንሽ አሰበበት። “ጎበዝ” አለና ረክቶ እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

በሚቀጥለው እሑድ ባለ ጓንቱ ሰውዬ ነበር። እውነተኛው ፊልም ላይ የመጨረሻዋን ጓንት አግዳሚ ወንበር ላይ ትቶ ይሄዳል። እኔ ግን ጓንቷ የአንዲት መበለት እንድትሆን አደረግሁ፤ ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ፣ ትንሿ ልጅ እጇ እንዳይበርዳት ያችኑ ጓንት አጠለቀች። እውነቱን ለመናገር ስነግረው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባሌም “ይኼኛው ደስ ይላል” አለ።

እንዲህ አራት አምስት እሑድ አለፈ። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ከእንጀራው ቀና ሳይል፣ “ሰዎቹ የጃንጥላዋን ሴትዮ ድገምልን አሉኝ” አለ።

“የትኞቹ ሰዎች?”

“ገበሬዎቹ።”

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ውሃው በተራ ነው የሚለቀቅ። ተረኞቹ ገበሬዎች የውሃው በር እስኪከፈት ቦዩ ዳር ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ እሱም አብሮ ይጠብቃል። “ከተማ ምን አለ?” ይሉታል። ወሬ የማያውቅ ሰው ነው፤ አንድ ሰኞ ጨንቆት ፊልሙን ነገራቸው። አሁን ሰኞ ሰኞ ተራቸው ያልሆኑትም ይመጣሉ።

ደነገጥሁ። ከድንጋጤው በታች ግን፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። መድኃኒት ቤት ቆሜ “ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ” ስል የምውል ሴት፣ አድማጭ ማግኘት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

“ምን አሉ ታዲያ?” አልሁት።

“የውሃ አባት ባለ ጓንቱን አልወደዱትም። ሽማግሌ ሳይልክ እንዴት አገባት አሉ።”

የውሃ አባት የሚባሉት ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው፣ ተራውን የሚያስጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። የእሳቸው ቃል ከተነገረ በኋላ ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። በሚቀጥለው ፊልም ላይ አንዲት ልጅ የማይሠሩ ሰዓቶች ብቻ ትሸጣለች፤ አንድ ወጣት በየቀኑ እየመጣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃታል። መጨረሻው ላይ ሱቁ ተዘግቶ ያገኘዋል፣ በመስኮት ያያል፣ ጥቁር። እኔ ግን ሽማግሌ አስላክሁ። ሦስት ፈረንጅ ሽማግሌዎች፣ ረጅም ካፖርት ለብሰው፣ በበረዶ ውስጥ፣ አንዱ እያነከሱ፣ የልጅቷ አባት በር ላይ ደርሰው አንቀመጥም አሉ።

“አባትየው ምን አሉ?” አለ ባሌ፣ አሁን ሙሉ በሙሉ ነቅቶ።

“ቀጠሮ ሰጡ።”

“ደንብ ነው” አለ ራሱን እየነቀነቀ። “ፈረንጅ አገርም እንዲህ ነው ለካ።”

ሰኞ ማታ ሲመለስ የውሃ አባት እጅግ መደሰታቸውን ነገረኝ። “እዚያም ሰው አለ” ብለዋል አሉ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ። ጥሎሽ አስገባሁ። የተጣሉ ወንድማማቾች አስታረቅሁ። ፀጉሯን ሰማያዊ የቀባች፣ ከማንም ጋር የማትነጋገር ሠዓሊ ነበረች፤ ከእናቷ ጋር አስታርቄ ልጅ ክርስትና አስነሣኋት።

የተያዝሁት አንድ ረቡዕ ነው። ባሌ ከሥራ ገባና ጭቃ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይህን አድርጎ አያውቅም።

“ባቡሩ ላይ ቄስ አልነበሩም” አለኝ።

እጄ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጥሁ።

የውሃ አባት ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ አለቻቸው። ለዕረፍት መጥታ ለአባቷ ምሳ ይዛ ቦዩ ዳር ትመጣለች፤ ሰዎቹ የጃንጥላዋን ሴትዮ ነገር ሲያነሡ ትሰማለች። ፊልሙን በስልኳ አይታዋለች። “አባዬ፣ እንዲያ አይደለም የሚያልቀው። ሴትየዋ ትሄዳለች፣ በቃ” ትላለች። ሁሉም ወደ ባሌ ዞሩ።

“ተቆጡ?” አልሁት።

“ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የውሃ አባት ዝም ብለው አዩኝና ‘ኢንጅነር፣ የሐሙሱስ ውሃ?’ አሉኝ።”

ያኔ ነው የገባኝ። ለሐሙስ ውሃ ይደርሳችኋል ብሏቸው ነበር። እነሱም በእሱ ቃል ተማምነው ዘር አዘጋጅተዋል። ባሌ በዚያ ቦይ ዳር ከቃሉ ሌላ የያዘው ነገር የለም፤ ደረሰኝ አይሰጥ፣ ማኅተም አይመታ። እኔ በዚያ ቃል ላይ ቄስ ከባቡር አውርጄበታለሁ።

“ለምን ዋሸሽኝ?” አለ።

“መጨረሻ የለውም ለማለት አፍሬ ነው።”

“መጨረሻ ከሌለው ለምን ታይዋለሽ?”

ሽንኩርቱን መልሼ አነሣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ከ“ጨው አቀብይኝ” ሌላ አላናገረኝም። አርብ ማታ እኔ ራሴ ሄጄ ልንገራቸው አልሁት። መጀመሪያ “አይሆንም” አለ፤ ቀጥሎ “ምን ልትያቸው?” አለ፤ በመጨረሻም “ቅዳሜ ተረኛ አለ፤ እኔም እወርዳለሁ፤ ጫማሽን አስቢበት፣ ጭቃ ነው” አለ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ እስከ መራዊ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። መንገድ ሙሉ ንግግሬን ሳሰላስል ነበር። ቦዩ ዳር ስንደርስ ወደ አሥራ አምስት ሰዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህ ሁሉ ተረኛ እንዳልሆነ ገባኝ። ወሬው ደርሷቸዋል። የውሃ አባት እንደጠበቅኋቸው አይደሉም፤ አጠር ያሉ፣ ዱላቸው ከእሳቸው የሚረዝም ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታው አለቀና ለመቀመጥ ጎንበስ ስል ዱላቸውን አነሡ።

“ቆይ። ቄሱን ከባቡር ያወረድሻቸው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ አባቴ።”

“ሽማግሌዎቹንስ?”

“እነሱንም እኔ ነኝ የላክሁ።”

“ሦስቱንም?”

“ሦስቱንም።”

“የሚያነክሱትን ጭምር?”

“አዎ።”

ከኋላ አንድ ሰው ጋቢውን አፉ ላይ ይዞ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። “ባሌ ዋሽቶ አያውቅም” አልሁ። “እኔ የነገርሁትን ነው የነገራችሁ። ውሃ ይመጣል ካለ ይመጣል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ።”

የውሃ አባት ዱላቸውን አወረዱ። “እሱንማ እናውቃለን። ውሃው ሐሙስ መጥቷል” አሉ። “የቀረው የእነዚያ ሰዎች ጉዳይ ነው። ተቀመጭና እውነተኛውን አንድ በአንድ ንገሪን።”

ተቀምጬ መናገር ጀመርሁ። ስለ ባለ ጓንቱ ሰውዬ፤ “ጓንቷን ወንበሩ ላይ ትቶ ሄደ” አልሁ።

“እሺ፣ ከዚያስ?”

“በቃ።”

“ምኑ ነው በቃ? መበለቷስ?”

“መበለት የለችም።”

“ልጆቹስ?”

“ልጆቹንም… እኔ ነኝ።”

ጫጫታው ተነሣ። አንዱ “ሦስት ልጅ አጠፋሽብን እኮ!” አለኝ፣ ከልቡ ነው። ሰዓት ሻጯ ጋ ስደርስ የሱቁ በር ተዘግቶ መቅረቱን ስነግራቸው ሌላው ተነሥቶ ቆመ። “ፈረንጅ ይኼን ለመስማት ነው ገንዘብ የሚከፍል? ከእኔ ጋር ቢውል እንዲህ ያለውን በነጻ ይሰማ የለ!” የውሃ አባት ራሳቸውን ነቀነቁና ፍርድ ሰጡ፦ “እነሱ መጨረስ አልቻሉም። እሷ ጨርሳዋለች። የእሷን እንያዝ።” ብዙዎቹ ተስማሙ። ከመሸማቀቅ ወደ መኩራራት ለመሻገር ቅጽበት በቂ ሆኖ አገኘሁት።

ያን ጊዜ ከዳር አንዲት ሴት ተናገረች። መቆፈሪያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ የተቀመጠች፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድንች የምታለማ ገበሬ ናት። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም።

“እታለም፣ ያቺ ባለ ጃንጥላዋ” አለችኝ። “ባቡሩ ላይ ስትወጣ ዞር ብላ አየችው?”

ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ዓይኔን ጨፍኜ ማስታወስ ነበረብኝ። “አላየችውም። ፊቷን አዙራ ተቀመጠች።”

“ታዲያ ምኑ ነው ያልገባችሁ?” አለች ወደ ወንዶቹ። “ሄደች እኮ።”

“ከሄደች በኋላስ?” አሉ የውሃ አባት።

“እኔ ከፊተኛው ባሌ ቤት ስወጣ አንዲት ዶሮ አቅፌ ነበር የወጣሁት። ሌላ ምንም አልያዝሁም። ዞሬም አላየሁ። ያን ዕለት ሰው ‘ከዚያስ?’ ቢለኝ ምን እለው ነበር? እኔ የማውቀው እስከ አስፋልቱ ድረስ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለውን አላውቀውም ነበር።” መቆፈሪያዋን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረች። “ቄስ ከየትም አልወረዱም። ዶሮዋ ብቻ ክንዴ ላይ ትሞቀኝ ነበር።”

ውሃው ከበሩ ሥር ሲንሾካሾክ ይሰማል። ያ ሁሉ እሑድ ላፕቶፕ ፊት ቁጭ ብዬ ስናደድበት የነበረው ጥቁር፣ ይቺ ሴት በእግሯ የሄደችበት መንገድ ሆነብኝ። ያሳፈረኝም ፊልሙ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ፊልሙ ዝም ባለበት ዝም ማለት ያልቻልሁ።

የውሃ አባት ዱላቸውን ሣሩ ላይ አስተኙ። ከዚያ ቀስ ብለው “ዶሮዋስ?” አሉ።

“ዶሮዋማ በሳምንቷ እንቁላል ጣለች።”

ሳቁ እስከ ማዶው ማሳ ተሰማ። እሷም ሳቀች፣ ነጠላዋን ጥርሷ ላይ ጎትታ። ወዲያው ባሌ ሰዓቱን አይቶ “ደርሷል” አለና በሩን ከፈተ፤ ውሃው ወረደ፣ ሁሉም መቆፈሪያውን እያነሣ ወደየማሳው ተበታተነ። ችሎቱ እንዲህ ተዘጋ። የውሃ አባት ስንሰናበት አንድ ፌስታል ድንች አስያዙኝና፣ “ቅጣትሽ ነው፣ ተሸክመሽ ሂጂ” አሉኝ።

ወደ መራዊ በእግር ስንመለስ ድንቹን ባሌ ተቀበለኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ፌስታሉን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

“አራት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ” አለ በኋላ። “የድንቿን መስመር በቁጥር አውቀዋለሁ። ዶሮዋን ግን አላውቅም ነበር።”

“ጠይቀሃት ታውቃለህ?”

“ስለ ውሃ ነዋ የምጠይቃት።” ትንሽ ሄድንና ብቻውን መሳቅ ጀመረ። “ቄሱ ከባቡሩ ወረዱ!” አለ። “እኔም አምኜ! ባቡር ቆሞ ቄስ ሲያወርድ!” መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልሁ። መታረቃችን ያ ነበር፤ ሌላ ይቅርታ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልጠበቀ።

በማግስቱ እሑድ ባሌ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ መጣ። አልቀመጥም አለ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ክንዱን አጣምሮ፣ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ አየው። አንዲት ሴት ጎረቤቷ ለሆነ ፒያኖ ቃኚ በየቀኑ ሾርባ ትሠራለች፣ እሱም አይጠጣውም። ሁለት ጊዜ “ኧረ ጠጣው!” ብሎ ጮኸበት። መጨረሻው ላይ ሴትየዋ ሻንጣዋን ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች፤ ሹራቧ የሰውየው ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጥቁር።

“እና?” አለ ባሌ ወደ እኔ ዞሮ።

“እኔ እንጃ” አልሁ። ይህን ቃል ማለት እንዴት እንደከበደኝ እግዜር ነው የሚያውቅ፤ ምላሴ ላይ አንድ ሠርግ ከነሙሽራው ተዘጋጅቶ ነበር።

የሠራተኞቹ ስም ወደ ላይ እየወጣ እሱ ከግድግዳው ሳይላቀቅ ቆመ። “ትመለሳለች” አለ። “ሹራቧን ትታለች። በብርድ አገር ሹራብ ትቶ የሚሄድ ሰው የለም።”

“ረስታው ነው።”

“ብርድ ይረሳል?”

“ሲያዝኑ ይረሳል።”

“አይረሳም” አለና በመጨረሻ ተቀመጠ፣ ሊከራከረኝ። ፀሐይ ጣና ላይ እስክትጠልቅ ተከራከርን፤ ሻይ አፍልቼ ደገምን። ሰኞ ክርክሩን ይዞት ወደ ቆጋ ሄደ። ማታ ሲመለስ ገና ከበር፣ ገበሬዎቹ ለሁለት ተከፍለው ውሃው ከተለቀቀ በኋላ እንኳ አልነሣ እንዳሉትና የውሃ አባት ልጅ ሌሎች የፊልም ስሞች በወረቀት ጽፋ እንደሰጠችው ነገረኝ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ከስድስቱ አምስቱን አይቻቸው ነበር። አምስቱም አያልቁም።

“የትኛውን እንጀምር?” አለኝ።